ብስክሌቴ የወጣችበት ጉድጓድ

የመጀመሪያዋን ብስክሌቴን የገዛኋት ከድንጋይ ባገኘሁት ብር ነው። የኮብልስቶን ሥራ ባሕር ዳር ላይ በደራበት ጊዜ፣ አሥራ አንደኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ክረምቱን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ካባ፣ ማለትም የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ፣ ውስጥ ድንጋይ ስጠርብ ከረምኩ። ላስቲክ ወጥረን፣ ከሥሩ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ለጥቁሩ ድንጋይ በመዶሻና በመሮ ማዕዘን እናወጣለታለን። የሚከፈለን በፍሬ ነው። አንዷ ፍሬ በየጎኗ 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለባት። ተረካቢው አንስቶ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ያልጣመችውን ወደ ጎን ይወረውራታል። የተወረወረች አትቆጠርም። ማታ ቤት ስገባ እንጀራ ለመቁረስ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኝ ነበር።

መስከረም ላይ ያጠራቀምኩትን ቋጥሬ አንድ ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ገዛሁ። ቀለሙ የተላላጠ፣ የኋላ ፍሬኑ በደንብ የማይዝ፣ ግን የእኔ። ከዚያ በኋላ ካባውን ረሳሁት። ለአሥር ዓመት ያህል አንድም ቀን ተመልሼ አላየሁትም።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ጉድጓድ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ጣና ዳር ባለው በዘጌ በኩል መዞር አለብኝ። ያን ቀንም የደረስኩት በዘጌ ዞሬ ነው።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ለሳይክል ከዚህ የተሻለ ከተማ የት ይገኛል? በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከተከፈተ ወዲህ፣ ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በሳይክል ይሞላ እንደነበር ትልልቆቹ ይነግሩናል። እኛ ልጆች ሳለን በሩብ ሰዓት እየተከራየን ነው የተማርነው። ሩብ ሰዓቷ አልቃ ከዘገየን ባለሳይክሉ ሰፈር ድረስ ይመጣል። አሁን ባጃጁ በዝቶ ሳይክሉ ሳስቷል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት በዘንባባዎቹ ሥር ልጁን ከፊት፣ ዳቦውን ከኋላ ጭኖ የሚያልፍ አባት አይጠፋም።

የከተማው ሳይክል ግን ከአስፋልት አይወጣም። ከአስፋልቱ ማዶ ኮረኮንች ነው፣ አቧራ ነው፣ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ። እዚያ ሰው በእግሩ ይሄዳል ወይ ሚኒባስ ይሳፈራል እንጂ ሳይክል ይዞ ምን ይሠራል? እኔም እንዲሁ ነበር የማስበው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ዩቲዩብ ላይ ያየሁት አንድ ቪዲዮ ነው። ጀርመን ውስጥ ላውዚትስ የሚባል አገር አለ። ለረጅም ዘመን ቡናማ የድንጋይ ከሰል ሲቆፈርበት የኖረ ነው። ቁፋሮው መንደር ይውጥ ነበር። ለከሰሉ ሲባል ከቦታቸው የተነሱ መንደሮች አሉ። ዛሬ ከጉድጓዶቹ ብዙዎቹ በውኃ ተሞልተው ሐይቅ ሆነዋል። ዳር ዳሩ ላይ ዛፍ ተተክሏል። በዛፉና በሐይቁ መሐል ደግሞ ሰዎች በጠጠር መንገድ ሳይክል ይነዳሉ።

ይህን የአነዳድ ዓይነት ፈረንጆቹ ግራቭል ይሉታል፤ ጠጠር ማለት ነው። ሳይክሉ እንደ ውድድር ሳይክል የታጠፈ ማኑብሪ አለው፣ ጎማው ግን ሰፋ ይላል። አስፋልትም ይሄዳል፣ ጠጠርም ይሄዳል፣ የጫካ መንገድም ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ፣ ካንሳስ፣ ኤምፖሪያ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ ትልቅ ውድድር አለው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተደረገው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ጣሊያን ውስጥ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ውድድሩ አልነበረም። ያ ጉድጓድ ሐይቅ መሆኑ ነው። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየሁት። ከዚያ የራሴ ካባ ትዝ አለኝ። ምን ሆኖ ይሆን?

ኅዳር 2015 ነበር። ሰላም ተፈረመ ተብሎ የሰው ፊት ትንሽ የተፈታበት ሰሞን። በጉዞዬ ዋዜማ ሳይክሌን ሰፈር ወዳለው ሠሪ ወሰድኳት። ካቴናውን አጥቦ ቀባልኝ፣ የላሉትን ራጂዎች አጠበቀልኝ። ጎማውን አጥብቆ እንዲነፋልኝ ስጠይቀው ግን እምቢ አለ።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ዘጌ። በጠጠሩ በኩል።»

«እንግዲያው ጠጥሮ አይነፋም። ወገብህን ይሰብረዋል።»

እውነቱን ነው። የጠጠረ ጎማ እያንዳንዷን ጠጠር ይዘላታል። በዘለለ ቁጥር የረገጥከው ጉልበት ወደ ላይ ይባክናል፤ ወደ ፊት አይወስድህም። ለስለስ ያለ ጎማ ግን ድንጋዩን ውጦ ያልፋል። ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ደግሞ ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው መሐል ይቀረጠፋል። ልኩ በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ የሚል፣ ግን የማይሰምጥ ነው። ይህን ልክ ለማግኘት እኔ ብዙ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። እሱ በአንድ ጊዜ አገኘው።

ከከተማው በምዕራብ በኩል ማልጄ ወጣሁ። ዋናውን መንገድ ትቼ በየመንደሩ የሚያልፈውን ያዝኩ። መጀመሪያ የሚመጣው የእንፍራንዝ ወንዝ ረግረግ ነው። ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። በዚህ አካባቢ አረቄና ሎሚ የሚባሉ ምንጮች አሉ። ባሕር ዳር የምትጠጣው ውኃ ከእነሱም ይመጣል። ከቤት በኮዳ የሞላሁት ውኃ ከዚህ ሄዶ፣ ቧንቧ ዞሮ፣ በእኔ ጀርባ ተመለሰ ማለት ነው። ቆሜ ተጎነጨሁለት።

ከረግረጉ ዳር ያለው መሬት ብዙው ጫት ሆኗል። በሞተር ፓምፕ ውኃ ይሳባል። ገበሬውን ልወቅሰው አልችልም፤ ጫት ቶሎ ቶሎ ገንዘብ ያመጣል። ግን ምንጩ የሚጠጣውም የሚስበውም በዝቶበታል። ይህ የሚያሳስበኝ ነገር ነው፣ በሳይክል ባልሄድ ኖሮ አላየውም ነበር። በሚኒባስ ስታልፍ አረንጓዴ ነው፣ ያምራል፣ ያልፋል።

ከዚያ ወዲያ እርሻ ነው። አጨዳ ላይ ናቸው። ጤፉ ነዶ ሆኖ ተኝቷል። ዳጉሳው ገና ቆሟል፣ እንደ ተጨበጠ እጅ ራሱን ሰብስቧል። ደቦ የወጡ ሰዎች በአንድ ረድፍ ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ። «በርቱ!» እላለሁ ሳልፍ። «እግዜር ይስጥልን!» ይላሉ ቀና ሳይሉ። መንገዱ ቀይ ነው። ጠጠሩ በጎማዬ ሥር እንደሚቆላ ሽንብራ ይንጣጣል። ይህን ድምፅ እወደዋለሁ። በአስፋልት ላይ የማይገኝ ድምፅ ነው።

ድምፁ ተቀየረ። የኋላው ጎማ ተንፍሷል። ወርጄ ሳየው የግራር እሾህ ነው፣ እስከ ጥጉ ገብቷል። አጠገቡ ካለው ቤት አንዲት እናት ወጡ።

«ምን ሆነብህ ልጄ?»

«ጎማው ተነፈሰብኝ እናቴ። ትንሽ ውኃ ቢሰጡኝ?»

«ልትጠጣው?»

«አይ፣ ቀዳዳውን ልፈልግበት።»

በሳፋ አመጡልኝ። ካላማዳሪያውን አውጥቼ፣ ነፍቼ፣ ዙሪያውን ውኃው ውስጥ እየነከርኩ ማዞር ጀመርኩ። የልጅ ልጃቸው ይመስለኛል፣ ሰባት ዓመት የሚሆነው፣ አፍንጫውን ሳፋው ላይ አስጠግቶ ያያል። «ይቻት! ይቻት!» ብሎ ጮኸ። ስንጥር የምታህል ቀዳዳ ናት፤ አረፋዋ ተከታትሎ ይወጣል። አደረቅኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ማስቲሽ ቀባሁት። ማስቲሹ ሳይደርቅ ከለጠፉበት አይዝም። እስኪደርቅ ድረስ እናታችን ቆሎ በሰፌድ፣ የዳጉሳ ጠላ በጣሳ አቀረቡልኝ። የነቢያት ጾም ነበርና ሌላ ነገር ባለመኖሩ ይቅርታ ጠየቁኝ። በይቅርታው ያፈርኩት እኔ ነኝ።

«ለስለት ነው ዘጌ የምትሄደው?»

«አይደለም እናቴ። መንገዱን ልይ፣ መሬቱን ልይ ብዬ ነው።»

ዝም ብለው ቆዩና በእጃቸው ወደ ጓሮው አሳዩኝ። «እንግዲያው ያንንም እይልኝ።»

ከቤታቸው ጀርባ ጉድጓድ አለ። መንገዱ ሲሠራ ገረጋንቲ የወጣበት ነው። ሥራው ሲያልቅ ማሽኑ ሄደ፣ ጉድጓዱ ቀረ። ክረምት ውኃ ይቋጥራል። አንድ ዓመት ጥጃ ገብቶ ሞቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ዙሪያውን እሾህ አጥረውበታል። አሁን ገባኝ። የወጋኝ እሾህ ከዚያ አጥር የመጣ ነው።

ወደ መንገዱ ስመለስ ያ ደስ ያለኝ ቀይ ጠጠር ከየት እንደመጣ አውቄ ነው የተመለስኩት። ጠጠር መንገድ ሁሉ አንድ ቦታ ጉድጓድ አለው። ይህን ሳስብ ነው እስከ ዘጌ የሄድኩት።

ዘጌ ስትደርስ በር እንዳለፍክ ያህል ነው። አፋፍ የምትባለውን የገበያ መንደር እንዳለፍኩ የእርሻው ብርሃን አለቀና ጥላ ጀመረ። ላዩ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ሎል፣ ብሳና። ታቹ ሁሉ ቡና። ቡናው ቀልቷል፤ ሴቶች ከቅርንጫፉ እየለቀሙ ቅርጫት ይሞላሉ። መሬቱ በቅጠል ስለተሸፈነ የጎማዬ ድምፅ ጠፋ። ወፍና የሰው ድምፅ ብቻ ቀረ። መንገዱ በዛፍ ሥር የተጠላለፈ ነው። ወርጄ እየገፋሁ ሄድኩ።

በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ ክልክል ሆኖ የኖረ ነው። ታሪኩን የማያውቅ የለም። የዘጌን ገዳም የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሏት፤ አንዷ ቡና፣ አንዷ ጌሾ፣ አንዷ ሎሚ ሆነች። ሕዝቡም በእነዚህ ይኑር፣ መሬቱን በሞፈር አይረሰው፣ ከብትም አያርባበት ተባለ። አፋፍ ላይ ያገኘኋቸውን አንድ ቡና የተሸከሙ ሽማግሌ ስለዚህ ጠየቅኳቸው። «ቡና ጥላ ይፈልጋል። ዛፉን ከቆረጥከው ቡናውን ቆረጥከው። አባታችን ያሉት ይኸንኑ ነው» አሉኝ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ጫካው ግን ያልተነካ ነው ብዬ ልዋሽ አልችልም። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ የጫኑ ታንኳዎች ሲሄዱ እያየሁ ነው ያደግኩት። እናቴም ከእነሱ ገዝታለች። ያ እንጨት ከዚህ ነው። ሆኖም ቃል የተሰጠበት መሬት እንዴት እንደሚመስል ለማየት ከባሕር ዳር ዙሪያ ከዘጌ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት አጥር ላይ ሳይክሌን አስደግፌ፣ ተሳልሜ፣ ጥላው ሥር አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ከዛፎቹ መሐል ጣና ብልጭ ይላል። መነሳት አልፈለግኩም ነበር።

ተመለስኩ። ከተማውን ሳልገባ በደቡብ በኩል ዞሬ ወደ ካባው አመራሁ። ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች።

መጀመሪያ አላወቅኩትም። የሲኖትራክ ጎማ ያረሰው መንገድ ቁጥቋጦ በቅሎበታል። ግድግዳው አለ፤ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ ከእኔ ሦስትና አራት እጥፍ የሚረዝም። ከሥሩ አረንጓዴ ውኃ ተኝቷል። ልጆች ራቁታቸውን ይዘላሉ። ጥልቀቱን ማንም አያውቅም፣ ገመድም አጥርም የለም። «ውጡ!» ብዬ ጮኽኩ። ሳቁብኝ። እኔም በእነሱ ዕድሜ እስቅ ነበር።

እንቀመጥበት የነበረውን ቦታ ፈለግኩ። ላስቲኩ፣ ጆንያው፣ ምኑም የለም። አንድ ክምር ግን አገኘሁ። የተወረወሩት ናቸው። ተረካቢው ያልጣሙትን የጣለበት ክምር። ሣር በየስንጥቁ በቅሏል። አንዷን አነሳሁ። ሁለት ጎኗ ልክ ነው፣ ሦስተኛው ላይ መዶሻው አዳልጦ ማዕዘኗ ተሸርፏል። የምቱ ነጭ ጠባሳ እስካሁን ይታያል። የእኔ ትሁን የሌላ ልጅ ምን አውቃለሁ። ግን እጄ አወቃት። ክብደቷን፣ ቅዝቃዜዋን፣ መዳፌ ላይ የምትቀመጥበትን ቦታ።

ይህ ድንጋይ ተራ ድንጋይ አይደለም። የምድር ጥናት ባለሙያዎች እንደሚሉት ጣና ሐይቅ የሆነው በደቡብ በኩል የፈሰሰ እሳተ ገሞራ የውኃውን መውጫ ዘግቶ ስለያዘው ነው። ቅልጡ ቀዝቅዞ ጥቁር ድንጋይ ሆነ፤ ውኃው ከኋላው ተጠራቀመ። ዓባይ ጢስ ዓባይ ላይ የሚወድቀውም ከዚህ ጥቁር ድንጋይ አፋፍ ነው። እኛ በመሮ ስንቀጠቅጠው የከረምነው ሐይቁን የያዘውን ዘር ነው። ያኔ ይህን የነገረን አልነበረም። ቢነግሩን ኖሮ መጥረባችንን አንተውም ነበር፤ ብሩ ያስፈልገን ነበር። ግን በሌላ ዓይን እናየው ነበር ብዬ አምናለሁ።

አፈሩስ? ድንጋዩ ጋ ለመድረስ ላዩ ላይ የነበረው ቀይ አፈር ተገፎ ነበር። ሎደሩ ወደ ሸለቆው ሲገፋው አይቻለሁ። በዚያው ክረምት ጎርፍ ወሰደው። ቁፋሮ አልቆ መሬት ዳግም እንዲያበቅል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን አፈር ለብቻ ማስቀመጥ ነው። ሲጨርስ የግድግዳውን ጫፍ አፍርሶ ያዘነብለዋል፣ ጎርፍ መውረጃ ያበጅለታል፣ አፈሩን ይመልሳል፣ ሣር ያስቀድማል፣ ከዚያ ዛፍ። የላውዚትስ ሰዎችም በድግምት አልሠሩትም። የእኛም የማዕድን ሥራዎች አዋጅ፣ ቁጥር 678/2002፣ ከባህላዊ አምራች በላይ ያለ ባለፈቃድ ለመሬቱ መልሶ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲይዝ ያዛል። ሕጉ አለ። አፈሩ ግን ሄዷል።

ልመለስ ስል በስተምሥራቅ ጥግ አረንጓዴ ነገር አየሁ። አንድ ሰው ከተወረወሩት ድንጋዮች እርከን ሠርቷል። ሦስት ደረጃ። በየደረጃው ከየት እንዳመጣው የማላውቀው አፈር ሞልቶ የዝሆን ሣርና ሳስፓኒያ ተክሏል። ሰውየው እዚያው ነበር፤ ሣር ያጭዳል። የካባው ዘበኛ የነበረ ነው። እኔ ረስቼው እሱ አስታወሰኝ።

«አንተ ያ ተማሪው አይደለህም? ሳይክል እገዛለሁ የምትለው?»

«ነኝ ጋሼ።»

ሳይክሌን ዞሮ አያት። ኮርቻውን ነካ አደረገው። «ገዛሃት አይደል» አለኝ።

ማን ይህን እንዲሠራ እንዳዘዘው ጠየቅኩት። ማንም። ደመወዙ ሲቆም እሱ ከቦታው አልሄደም። አራት በጎች አሉት፣ ሣሩ ለእነሱ ነው። አፈሩን ከታች ከሸለቆው በጆንያ ነው የሚያመጣው። ሎደሩ ከገፋው፣ ከጎርፉ ከተረፈው። በትከሻው። በጆንያ በጆንያ።

አላስችል አለኝ። ያን ቀን አንድ ጆንያ አብሬው ተሸከምኩ። ጨልሞ ነው ቤት የገባሁት። የሰፈራችን ቅያስ ኮብልስቶን ነው። ሁልጊዜ ነድቼው የምገባውን ያን ቀን ወርጄ ሳይክሌን እየገፋሁ ገባሁ።

ሐምሌ ላይ ከችግኝ ጣቢያ ሁለት ዋንዛ ገዝቼ ተመለስኩ። ችግኞቹን ከኮርቻው ኋላ አስሬያቸዋለሁ። ካባው ሊደርስ አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀር ዋልካው ያዘኝ። ጎማውና ፓራፋንጎው መሐል ገብቶ እንደ ሊጥ ተጠቀጠቀ፤ መዞር እምቢ አለ። በእንጨት ባወጣው ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ይሞላል። ሳይክሏን ትከሻዬ ላይ አደረግኳት፣ ችግኞቹን በእጄ ያዝኩ፣ እንደዚያ ሆኜ ደረስኩ። ጋሼ እርከኑ ጫፍ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠበቀኝ።

ከዚያ ነሐሴ መጣ። መንገዱ የማይኬድበት ጊዜ ሆነ። ለረጅም ጊዜ ከከተማው አልወጣሁም። ሳይክሏ በረንዳ ላይ ቆማ ጎማዋ ራሱ ተነፈሰ። ስለ ችግኞቹ አስብ ነበር፤ ማንን ልጠይቅ?

በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ ሄድኩ። በጎቹ ሰባት ሆነዋል። እርከኑ አምስት ደረጃ ሆኗል። ከልጆቹ አንዱ ውኃው አጠገብ የእሾህ አጥር እየሠራ አገኘሁት። አንዷ ዋንዛ ደርቃለች፤ ጋሼ በቦታዋ ሌላ ተክሏል። ሁለተኛዋ አለች። ሳይክሌን አጠገቧ አቆምኩና አስተያየኋት። ማኑብሪዬን በአንድ ስንዝር ትበልጠዋለች።